አንዲት የቀረች አክሲዮን

እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 2024፣ ታይዋን፣ ሲንቹ ከተማ። እናቴ ፔንግ ዩታዎ ለምሳ የነከረችው የሩዝ ኑድል ሳይቀቀል ቀረ። ከመንገድ ተመልሳ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሕይወቷ አለፈ። ውሃውን የደፋሁት እኔ ነኝ።

ዕድሜዋን የሠራችው በከተማችን የኮምፒዩተር ቺፕ ፋብሪካ ማጠቢያ ክፍል ነው። ፋብሪካው በደጉ ዘመን ለሠራተኛው ጉርሻ የሚሰጠው አክሲዮን ነበርና፣ ጡረታ ስትወጣ የነበራት ጥሪት እሱ ብቻ ነበር። የምትፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ የማንንም እጅ ሳታይ በገዛ ቤቷ ማርጀት።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ጂንፉም እዚያው ሠርቶ ያንኑ አክሲዮን ይዟል። በየዓመቱ ወደ ባለአክሲዮኖች ጉባኤ አብረው ይሄዱ ነበር። እኛ ዘንድ ጉባኤ ያለ ስጦታ አይታሰብም፤ የኩባንያውን ጤንነት በስጦታው የሚለካውም ብዙ ነው።

አንድ ዓመት እናቴ እጇን አወጣች። «ዘንድሮ አዲስ ማሽን ትገዛላችሁ?»

«ገበያው እስኪረጋጋ እንታገሣለን» አሉ ሊቀመንበሩ። «ስጦታችን ግን የሩዝ ማብሰያ ነው።» አዳራሹ አጨበጨበ።

ጂንፉ ማብሰያውን ሞተር ብስክሌቱ ላይ እያሰረ፣ «አየሽ እትዬ፣ የደከመ ኩባንያ እንዲህ ያለ ዕቃ ያድላል?» አላት።

«የማሽኑን ገንዘብ ነው የምታስረው። እኔ ነገ እሸጣለሁ።»

«ልጅሽን ያስተማረልሽን ፋብሪካ?»

«ሠርቼለታለሁ። ዕዳ የለብኝም።»

የጉባኤው ጥሪና ስጦታ እንዳይቀርባት አንዲት አክሲዮን ብቻ አስቀርታ ሸጠች። በገንዘቡ ስጦታ የማይሰጥ፣ ከትርፉ አብዛኛውን ማሽን ላይ የሚያውል የሌላ ቺፕ አምራች አክሲዮን ገዛች። ብዙም ሳይቆይ የድሮው ፋብሪካ አክሲዮን ዋጋ ወጣ፤ እኛ ዘንድ ቀይ የጭማሪ ምልክት ነውና የገበያው ሰሌዳ ቀላ። ጂንፉ በሯ ላይ ቆመ።

«ሰሌዳው ቀልቷል። የሸጠ ሰው ፊትስ እንዴት ነው?»

«ፊቴን ተወውና ግባ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

ከዚያ ገበያው ተገለበጠ። የድሮው ፋብሪካ ቺፕ ገዢ አጥቶ መጋዘን ሞላ፤ የእሷ ኩባንያ ደግሞ የሚጎርፍለትን ትእዛዝ ማስተናገድ አቃተው። ጣሪያዋን በትርፍ ድርሻዋ አሳደሰች። ጂንፉ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«እትዬ፣ ልሽጥ እንዴ?»

«ግማሹን ሽጥ። ግማሹ ለፍቅር ይቀመጥ።»

በዚያ የመጨረሻ ጠዋት ኑድሉን ነክራ፣ የአንዲት አክሲዮኗን የጉባኤ ጥሪ ይዛ ስጦታዋን ልትቀበል ሄደች። የተሰጣት አንድ የሳህን ማጠቢያ ስፖንጅ ነው። በጂንፉ ቤት በኩል አለፈች።

«ይኼ ብቻ?» አላት። «አለቀላቸው በይኛ።»

«ጥሪውን አንብበው። ማሽን ሊገዙ ነው። የቀረችህን እንዳትሸጥ።»

ስፖንጁን አስጨብጣው በገበያው በኩል ወደ ቤቷ ሄደች።