አልጠረግኩትም ያልኩት ነጥብ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ዐረብ አገር፣ ባዕብዳ የሚባል ከተማ ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። ብዙ ስድብ ሰምቼ ረስቻለሁ፤ ይሄን ግን ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

የማዳሜ ልጅ ያራ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ትማራለች። አንድ ማታ ነጭ ዱቄት የተቀባች፣ ጣት የምታህል ስስ ቆርቆሮ ይዛ መጣች። እራት ላይ ለእናቷ ስታስረዳ ሳህን እያነሳሁ ሰማኋት። ላቦራቶሪ ውስጥ መድኃኒት ሠርተዋል። ከጀመሩበት ነገር አንድ ጠብታ፣ ከሠሩት አንድ ጠብታ ጎን ለጎን ቆርቆሮዋ ላይ አድርገው ጫፏን ፈሳሽ ውስጥ ያቆሟታል። ፈሳሹ ወደ ላይ ሲወጣ ጠብታዎቹንም ይዟቸው ይወጣል። ከዚያ የአዮዲን ትነት ሲነካት ቡናማ ነጥቦች ይታያሉ።

"የጀመርንበት ይኸው፣ ታች ቀርቷል። የሠራነው ላይ ወጥቷል፤ በሱ በኩል ታች ምንም የለም። ያኒ፣ ማለቴ፣ ንጹሕ ነው" አለች። እናቷ በኩራት አበጠች።

ያራ ቆርቆሮዋን ጠረጴዛዋ ላይ ትታ ተኛች። ጠዋት ስትነሳ ቆርቆሮዋ ላይ ነጥብ የሚባል የለም፤ ነጭ ብቻ ሆናለች።

ማዳሜ ወጥ ቤት ድረስ መጥታ በረኪና የነካ ጨርቄን ከእጄ ነጠቀች። "በዚህ ነው የጠረግሽው?"

"ማዳም፣ እኔ ዛሬ ክፍሏ አልገባሁም።"

"ውሸታም። ሻንጣሽን አዘጋጂ፤ ከሰዓት መክተብ እመልስሻለሁ።"

መክተብ ያስመጣን ኤጀንሲ ነው። ዕቃ አበላሽታለች ተብላ የተመለሰች ሴት እዚያ የሚጠብቃት ዱላ ነው። እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። ያራ ቆርቆሮዋን ይዛ ዓይኔን እንኳ ሳታይ ወጣች።

ለምሳ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። አስተማሪዋ ቆርቆሮዋን ልዩ መብራት ስር ሲያደርጋት ነጥቦቹ ሁሉ እዚያው ነበሩ። "ማንም አልጠረገውም፣ ማማ። አዮዲኑ ራሱ በኖ ይጠፋል። ወዲያው በእርሳስ መክበብ ነበረብኝ" አለች። ይባስ ብሎ መብራቱ በሠሩት በኩል ታች ሌላ ነጥብ አሳይቷል። የጀመሩበት ነገር ገና አላለቀም። ንጹሕ ያለችው ንጹሕ ስላልነበረ፣ ሥራውን እንደገና ሥሪ ተብላለች።

ማዳሜን አየኋት። አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ኸላስ፣ በቃ፣ ሻንጣሽን መልሺ። ያላ፣ ቶሎ በይ፣ የሚታጠብ ሳህን አለ" አለችኝ። ወደ ልጇ ዞራ ደግሞ "ባትነካውም ልትነካው ትችል ነበር" አለቻት።

ያኔ ፍርሃቴ ሁሉ ለቀቀኝ። ጠዋት እግሯን ይዤ የለመንኳትን ሴትዮ "ማዳም፣ መክተብ ውሰጂኝ" አልኳት። ሳቀች። ሻንጣዬን ይዤ መኪናዋ ጋ ስቆም ግን መሳቋን ተወች። ወሰደችኝ፤ መክተብም ዕቃ አበላሽታለች ስላልተባልኩ ሌላ ቤት አስገባኝ።

አሁን ያለሁበት ቤት ከዚያ ይሻላል አልልም፤ ሥራው ይበዛል። ጓደኞቼም አብደሻል ይሉኛል። ያራ እንኳ እውነቱን የነገረችው ለእናቷ ነው፤ ወደ እኔ አልዞረችም። ሁለቱንም ይቅር አላልኩም፤ የማለት ሐሳብም የለኝም። ያን ቀን ማዳሜ "አጥፍቻለሁ" ብትለኝ ኖሮ ዛሬም ሳህኗን አጥብላት ነበር።