ትርፍ ወንበር

ያ እንግዳ ወደ ትንሿ የጣሊያን ከተማ ወደ ኪዮጃ የሚመጣው ሁልጊዜ መጸው ሲገባ ነው። ቦዩ ዳር ካለችው ከሉዊጂና ምግብ ቤት ገብቶ፣ ገና ሳይቀመጥ ከፊት ለፊቱ ያለውን ወንበር አንስቶ ለጎረቤት ጠረጴዛ ይሰጣል። ከዚያ ሰርዲን በሽንኩርት ያዛል።

አምና ሉዊጂና፣ «ቬኒስ እኮ እዚሁ አፍንጫዎ ሥር ናት። አንድ ቀን እንኳ ብቅ አይሉም?» አለችው።

«ኧረ ይተዉኝ ሲኞራ፣ እዚያ ቡናው እንኳ እሳት ነው። እዚህም ያው ቦይ፣ ያው ድልድይ፣ በግማሽ ዋጋ።»

ኮቱን ልትሰቅልለት ተቀበለችው። የድሃ ኮት አልነበረም።

«ደግሞ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚያ ሰው የሚሄደው ሁለት ሆኖ ነው።»

ዛሬ ሲመጣ ምግብ ቤቱ ጭር ብሎ ነበር። እሱ ግን እንደ ልማዱ ወንበሩን ተሸክሞ ወሰደና፣ ማንም ላልተቀመጠበት ጠረጴዛ ሰጠ።