ቅስቀሳ በእድር መዝገብ

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በስደት ከምኖርበት ሰፈር ከማርልቦሮ ተነሳሁ። ዓላማዬ አንድ የምርጫ እጩ ሐበሾች ቤት እያዞርኩ ማስተዋወቅና ንግግሩን ማስተርጎም ነበር። ሰውዬው የሚወዳደረው «የቤተሰብ እሴት ይጠበቅ፤ ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ ነው» ብሎ ነው። በራሪ ወረቀቱን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። በሐሳቡ አምን ነበር፤ ደግሞም አልዋሽም፣ እጩ ተወዳዳሪ ጋቢና አስቀምጦ መንዳት ደስ ይላል።

እጩውን ከባቡር ጣቢያው መኪና ማቆሚያ አነሳሁት። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሼ ዘለቀም ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ከኋላ ገቡ። ሁለት ዶላር ከሃያ የሚሸጠውን ቡና ለእያንዳንዳችን ገዛሁ። ኤፕሪል ቢሆንም በረዶ ይጥላል። አድራሻ ከየት አመጣህ የሚለኝ ካለ፣ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ሰዎች ለሐዘን ጊዜ ብለው የተመዘገቡበትን መዝገብ ይዤ ነው የወጣሁት። ያኔ ነውር መሆኑ አልታየኝም።

ኤሪን ውድስ ሰፈር፣ አንድ ሰዓት ተኩል

52ኛውን መንገድ ይዘን ወደ ደቡብ ወረድንና ፒገን ትሬይል የሚባለው አውራ ጎዳና ጋ ሳንደርስ ወደ ቀኝ ታጠፍን። መጀመሪያ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። እትዬ አየር ማረፊያ ሌሊት ጽዳት ስለሚሠሩ፣ ገብተው ሳይተኙ እንድረስባቸው ብዬ ነው። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ልጃቸው ቤዛ ከሁለት ዓመት በፊት ሴት አግብታለች። ሰርጉ ላይ ልሂድ ወይስ ልቅር ብለው ሲያማክሩኝ «ባይሄዱ ይሻላል፣ ሰው ምን ይላል» አልኳቸው። ቀሩ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አይነጋገሩም። እሳቸው ካልደገፉን ማን ይደግፈናል አልኩ በልቤ።

አንኳኳሁ። የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከፈቱ። እኔን አዩ፣ ጥቁር የለበሱትን ጋሼ ዘለቀን አዩ፣ ሱፍና ክራቫት ያደረገውን ፈረንጅ አዩ። የእድር ሰው በማለዳ ተሰብስቦ በር ሲያንኳኳ እኛ ዘንድ መርዶ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።

«ቤዛ ናት?» አሉ። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ንገሩኝ፣ ልጄ ናት?»

«ኧረ ማንም አልሞተም እትዬ፣ ለምርጫ ነው የመጣነው» አልኩ። የራሴን ድምፅ ጠላሁት።

እጩው ምን እንደሆኑ በጭንቀት ይጠይቀኛል። ምን ብዬ ልተርጉምለት? ጋሼ ዘለቀ ኮፍያቸውን አውልቀው «ይቅር በይን ጥሩዬ፣ አስደነገጥንሽ» ይላሉ። እትዬ ማናችንንም አልሰሙም። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«ማሚ?» አለ ከወዲያ የእንቅልፍ ድምፅ። «ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩ። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው። እንዳትዘጊው» አሉና ስልኩን ደረታቸው ላይ ይዘው ቀና ብለው አዩኝ።

«ብርሃኑ፣ እውነት ቢሆን ኖሮ ለቅሶ ትደርሱኝ ነበር?»

«እንዴታ» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን በስብሰባችን ላይ ስለ ቤዛ የተባለው ሁሉ ትዝ አለኝ፤ የሚበዛውም ከእኔው አፍ የወጣ ነው። ጋሼ ዘለቀን አየኋቸው፣ መሬት መሬቱን ያያሉ። እትዬ ጥቂት ጠበቁን። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«በሉ፣ ደህና ዋሉ» ብለው በሩን ዘጉ።

መልስ ጉዞ

17ኛው አቬኑ መብራት ላይ ስንቆም እጩው ሴትየዋ የምርጫ ማስታወቂያ ሰሌዳው ግቢያቸው ላይ እንዲተከል ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቀኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሆነውን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። አይፈቅዱም አልኩት። ቀጣዩ ቤት የት ነው ሲለኝ ሌላ ቤት የለም ብዬ ባቡር ጣቢያው፣ መኪናው ጋ አወረድኩት።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቤቴ ገባሁ። ደርሶ መልሱ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ይህን ያህል ያፈርኩበት ጉዞ ግን የለኝም። ስለ ቤተሰብ ላስተምር ወጥቼ የተማርኩት ስለ ራሴ ነው። እትዬ ጋ ደውዬ «ለቅሶ እንደርስዎ ነበር» ልል ስልኬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ልጄ ብትሞት ታለቅሱልኛላችሁ ወይ ብላ እናት ስትጠይቀኝ፣ እኔ ማሰብ አስፈልጎኛል።