ሆድ ያላት ሸራ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ሚሊሜትር» ይላታል። መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም የተንሻፈፈ መጋረጃ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ሜትሯን እንደ ሐብል አንገቷ ላይ ጣል ታደርጋለች። ሰው ልትጠይቅ ሄዳ እንኳ ቁጭ ከማለቷ በፊት መስኮት መስኮቱን ነው የምታየው። «ይኼ ነገር በግራ በኩል ሁለት ሚሊ አልረዘመም?» ካለች ባለቤቶቹ እስክትወጣላቸው ድረስ ሰላም የላቸውም።

አንድ ቀን የታናሽ እህቷ ባል፣ ዓሣ አጥማጁ፣ አንድ ጥቅል ቡትቶ ተሸክሞ ሱቋ ገባ። የጀልባው ሸራ ነበር፤ የትናንቱ ነፋስ ከላይ እስከ ታች ተርትሮታል።

«እትዬ፣ በናትሽ ይኼን አንድ ነገር አድርጊልኝ።»

በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ አነሳችው። የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ፀሐይና ውሃ ተፈራርቀውበት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል።

«ይኼማ ገና መርፌ ሲያይ ይቀደዳል። አዲስ ነው የምሠራልህ።»

«ለመሆኑ ሸራ ሰፍተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሸራ ማለት ውጭ የተሰቀለ መጋረጃ አይደል እንዴ!»

ውሃ የማይጠጣ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ፖሊስተር ገዛች። በረጃጅም ቁራጭ ቆርጣ በድርብ የዚግዛግ ስፌት ገጣጠመችው። ጭነቱ የሚበረታባቸውን ሦስቱን ማዕዘኖች ጨርቅ ደራርባ አጠነከረች፤ የብረት ቀለበትም አበጀችላቸው። ሲያልቅ ወለሉ ላይ ብትዘረጋው እንደ ጠረጴዛ ለጥ አለ። በኩራት ዞረችው።

ሸራው ሲሰቀል እሷም ውሃው ዳር ቆማ አየች፤ ጀልባዋ ነፋስ ከኋላ እየገፋት ደህና አድርጋ ሄደች። ጉዱ የመጣው ስትመለስ ነው። ዓሣ አጥማጁ ወደ ነፋሱ አዙሮ ለመውጣት ቢሞክር፣ ጀልባዋ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ወደ ጎን ትንፏቀቅ ጀመር። የሸራው የኋላ ጠርዝም ተለጥጦ ይርገበገባል። ሰውየው በላብ ተጠምቆ እየቀዘፈ ዳር ደረሰ።

ዳር ላይ መረብ የሚጠግኑት ዓሣ አጥማጆች በሳቅ ፈረሱ። ከሁሉ የባሰው ወፍራሙ ነው።

«እትዬ፣ መጋረጃውስ አምሯል፤ መስኮቱን የት ረሳሽው?»

«ስፌቴ ላይ አንድ የጠመመ ነገር ካገኛችሁ ጆሮዬ ይቆረጥ!» አለች።

ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡ። እሷ ግን ንድድ እንዳላት ምሳዋን ሳትበላ ዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ወፍራሙ ዘንድ ሄደች።

«ጀልባህ ውስጥ ልተኛ።»

«ምን አልሽ?»

«ሸራህን ከሥር ላየው ነዋ! ገመዷን እንዳትፈታ ታዲያ፤ ውሃ እፈራለሁ።»

ሰውየው ግራ እየገባው ሸራውን ሰቀለላት። እሷም የዓሣ ቅርፊት መሐል በጀርባዋ ተንጋለለች። ነፋሱ መጣና ሸራው ተነፋ።

«ሆድ አላት!» ብላ ጮኸች።

ወፍራሙ ደንግጦ ሆዱን ሰበሰበ።

«አንተን ማን አለህ! ሸራዋን ነው!»

በልጅነቷ ቀሚስ ትሰፋ ነበር። ጠፍጣፋ ጨርቅ ደረት ላይ እንዲቀመጥ ጠርዙ በልኩ ተቀንሶ መሰፋት እንዳለበት ጠንቅቃ ታውቃለች። ሸራም እንደዚያው ኖሯል፤ ጀልባን ወደ ነፋሱ የሚያወጣት እንደ ወፍ ክንፍ ጎበጥ ሲል ነው። ሱቋ ተመልሳ ደግሞ ከትርፍራፊው አንዱን በክሩ አቅጣጫ ሳበችው፤ ንቅንቅ አላለም። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ስትስበው ግን እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። የኋላውን ጠርዝ በሰያፍ ቆርጣው ነበር! ግንባሯን በመዳፏ መታች።

የሰፋችውን ሸራ መልሳ ፈታችው። ክሩ ከኋላው ጠርዝ ጋር እኩል እንዲሄድ የሚበቃውን ቁራጭ አዞረች፤ ያልበቃውን በአዲስ ተካች። ጭንቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የየቁራጩን ጠርዝ ሆን ብላ ጎበጥ አድርጋ መቁረጥ አለባት፤ ያውም ሠላሳ ዓመት በቀጥታ መስመር ስትምል የኖረች ሴት! መቀሱን ሦስት ጊዜ አንስታ ሦስት ጊዜ አስቀመጠችው።

«ልቁረጥልሽ?» አለች እህቷ።

«እጅሽን አንሺ! ከተበላሸም እኔው ላበላሸው።»

ጥርስ እንደሚነቀልላት ሰው ፊቷን አጨማዳ ቆረጠችው። አዲሱ ሸራ ወለሉ ላይ አልተኛም አለ፤ መሐሉ እብጥ ይላል። ስታየው ዓይኗን ቆረቆራት፤ ግን ጠቅልላ ወደ ውሃው ዳር ይዛው ወረደች።

«እትዬ፣ ሰፊዋ ካልገባች እኔም አልገባም» አለ የእህቷ ባል።

ምን ታድርግ፣ ገባች። ምሰሶውን ጥብቅ አድርጋ አቀፈችው። ጀልባዋ ወደ ነፋሱ ዞረች፣ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለችና ውሃውን እየሰነጠቀች ወደፊት ተፈተለከች።

«ወይኔ ልጆቼን!» ብላ ጮኸች። ልጅ የላትም።

ወዲያው ዓይኗ ታችኛው ማዕዘን ላይ አረፈ። አንዲት ሽብሽባት አለች።

«ቆይ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ያን ገመድ ሳብ አድርገው! በዛ! ላላ! እ... እዚያው ያዝ!»

ሽብሽባቷ ጠፋች። ምሰሶውን ከለቀቀች መቆየቷን ያየችው ያኔ ነው። ዳር ላይ ወፍራሙ መረቡን ጥሎ አፉን ከፍቶ ያያል፤ በሳምንቱማ የራሱን ሸራ ጠቅልሎ ሱቋ በር ላይ መገኘቱ አልቀረም።

«በቃ፣ እንመለስ» አለ የእህቷ ባል።

«አንዴ ብቻ እንዙር።»

አንዴው አራቴ ሆነ። ታናሽ እህቷ ዳር ላይ ወገቧን ይዛ ትጮኻለች።

«ኧረ ምሳው በረዶ ሆነ!»

«መጣን፣ መጣን!» አለች እትዬ ሚሊሜትር። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በዚያ በኩል አዙራት» አለችው።