ሽማግሌ ወደ በረዶ ሜዳ

«ሴት ልጅ እንዲህ ልቧ ይደነድናል?» አሉኝ ሽማግሌው ፊት ለፊቴ ቆመው።

የበረዶ ሆኪ ሜዳው መግቢያ ላይ፣ ከፖፕኮርን ማሽኑ አጠገብ ነበርን። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ከጎናቸው የማሠለጥነው ልጅ አባት፣ ከኋላቸው ልጁ ራሱ።

ሽማግሌ ተልኮብኝ ነው እንግዲህ። ለጋብቻ ቢሆን ስቄ እሸኛቸው ነበር። የመጡት ልጁ ቅዳሜ እንዲጫወት ሊለምኑኝ ነው።

ቀን ጋሃና በሚባል ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ እሠራለሁ። ከሥራ ስወጣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆችን ቦዲ ቼክ አስተምራለሁ፤ በትከሻ ገፍቶ ፐኩን፣ ያችን ጠፍጣፋ የጎማ ኳስ፣ መንጠቅ ማለት ነው። በሴቶች ሆኪ ክልክል ነው፤ እኔ ግን ከወንዶች ጋር እየተጋጨሁ ስላደግኩ ዋናው ኮች ይህን ለእኔ ተወልኝ። የማስተምረው ብዙ አይደለም። ዱላህ በረዶው ላይ፣ እጅህ ዝቅ፣ ትከሻ በትከሻ። ጀርባውን ካየህ ተወው። ግድግዳው ጋ ስትደርስ ቀና በል፤ አንገቱን ደፍቶ ግድግዳ የገጨ ሰው እንደ ቀድሞው ላይነሳ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የገባው ይሄ ልጅ ነበር። ይገፋል፣ ከዚያ የወደቀውን «ዩ ጉድ?» ብሎ ደህንነቱን ጠይቆ ያነሳል። አማርኛ ይሰማል፤ ከአፉ የምትወጣው ግን አንዲት ቃል ናት፤ «እትዬ»። ሌሎቹም ስሜ መስሏቸው፣ ፈረንጆቹ ሳይቀሩ፣ እትዬ ነው የሚሉኝ።

ባለፈው ጨዋታ ፐኩን ቁልቁል ሲያይ አንዱ ከኋላ ገፋውና በሄልሜቱ ግድግዳውን መታ። ተነሳ፣ እጁን አውለበለበ፣ ሰው አጨበጨበ። መልበሻ ክፍል ስገባ ቆሻሻ መጣያው ላይ አጎንብሶ ያስመልሰዋል።

«እትዬ፣ ዶንት ቴል» አለኝ።

ተናገርኩ። ሐኪሙም «እስክፈቅድለት በረዶ አይረግጥም» አለ። ቅዳሜ ደግሞ ለትልቁ ቡድን ምርጫ፣ ትራይ አውት፣ ነው።

አባቱ ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ሲሠራ አድሮ፣ እንቅልፍ ሳያይ ነው ልጁን ልምምድ የሚያመጣው። ከወሎ ሲነሳ በረዶ ላይ የሚሮጥ ልጅ ይኖረኛል ብሎ አላለመም። የተቀየምኩት መስሎታል።

«እህቴ፣ ያጠፋሁት ካለ አውፍ በይኝ» አለ። «ዶክተሩ የያዘው ያንቺን ቃል ነው። ተሳስቼ ነው በይ፣ አለቀ።»

«ጋሼ፣ ምን ጠብ አለንና? ጭንቅላቱ ነው የተጎዳው።»

ሽማግሌው «ለአላህ ብለሽ» ብለው ወደ ጉልበቴ ጎንበስ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«አባባ፣ ይተዉ። እግሬ ላይ ቢወድቁም አላደርገውም።»

ልቤን ደንዳና ያሉት ያኔ ነው።

ልጁ በእንግሊዝኛ ምርጫው መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ቅዳሜ» አልኩት።

አባቱ ቀጠለ። በቤት ውስጥ ደህና ነው፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ወላሂ ምንም የለበትም አለ። ልጁ እጅጌዬን ሳብ አደረገ።

«እትዬ፣ ዌን ኢዝ ትራይ አውት?»

አባቱ የጀመረውን አልጨረሰም። ዞሮ አየው።

«አሁን ነገረችህ እኮ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ ቀስ ብለው።

«ኖ፣ ሺ ዲድንት።» የሚቀልዱበት መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ የሁላችንንም ፊት አየ። አባቱ መዳፉን አናቱ ላይ አሳረፈ፣ ሳይጫን።

«አብሽር» አለው። ድምፁ ግን ተሰበረ።

ልጁ የአባቱን እጅ ገፍቶ ወደ እኔ መጣ። እንባው አገጩ ላይ ደርሷል።

«ዩ ቶልድ» አለኝ። «ዩ አር ኖት ማይ እትዬ።»

ከውስጥ ልጆቹ በዱላቸው ግድግዳውን እየደበደቡ «እትዬ! እትዬ!» ይላሉ። ዛሬ በዚያ ስም ተጠርቼ መግባት አቃተኝ፤ የበረዶ ጫማ ቦርሳዬን ከወለሉ አንስቼ በመኪና ማቆሚያው በር ወጣሁ።