ግሩፑን የከፈተችው አዋላጅ

ሲስተር ፍቅርአዲስ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ገበያ ስትወጣ ልጆቻቸውን እየጎተቱ፣ «ይቺን እኮ አንቺ ነሽ ያዋለድሽልኝ» የሚሏት እናቶች ብዙ ናቸው። ይህን መስማት ትወዳለች። ምስጋና ያልሰማች ቀን ውኃ እንዳጣ ጎመን ጠውልጋ እንደምትውል መምህሩ ባሏ ይሄነው ያውቃል።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ኮሮና አገራችን ገባ ተባለ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ሥልጠናና ስብሰባ ቀረ፣ መኪናም እንደ ልብ አልገኝ አለ። በየገጠሩ ያሉ አዋላጆች ለየብቻቸው ቀሩ። ነፍሰ ጡሮች በሽታውን ፈርተው ቤታቸው መውለድ ጀመሩ፤ አዋላጆቹም ቢሆኑ ፈርተዋል። ፍቅርአዲስ በቴሌግራም ግሩፕ የከፈተችው ያን ጊዜ ነው። በዙሪያዋ ካሉት ወረዳዎች፣ ከቦረናም፣ ከወግዲም፣ ከተንታም፣ ከወረኢሉም የምታውቃቸውን አዋላጆች እየደወለች አስገባቻቸው። በየቀኑ አዲስ የወጣውን መመሪያ አንብባ፣ አሳጥራ ትጽፍላቸዋለች። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!» ይሏታል። ያን ሰሞን ፊቷ ሁሉ በርቶ ነበር።

ፈርሂያንም ያስገባቻት እሷው ናት። ፈርሂያ ወግዲ ገጠር ውስጥ የምትሠራ፣ ከተመረቀች ብዙም ያልቆየች ልጅ ነበረች። መጻፍ አትወድም፤ የምትልከው በድምፅ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም እህቶቼ» አለች በመጀመሪያው። «ዛሬ አንዲት ምጥ የያዛት እናት ማስኬን አይታ፣ 'ፊቷን የሸፈነች ሴት ልጄን አትነካብኝም! ሌባ ነሽ እንዴ?' ብላኝ ልትሄድ ተነሣች። ውጭ ወጥቼ በመስኮት ፊቴን ገልጬ አሳየኋት። 'በይ አሁን ካወቅሽኝ ልሸፈን' ብዬ ገባሁ። ወላሂ፣ ምጧን ረስታ ሳቀች!»

ግሩፑ በሳቅ ተሞላ። በማግስቱ ሌሎቹም እንደሷ ማድረግ ጀመሩ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ የሰፈሯን ሼህና ቄስ ለምና፣ «ጤና ጣቢያ ሂዳችሁ ውለዱ» እያሉ በየደጁ እንዲያልፉ ማድረጓን ነገረቻቸው።

ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ቤት የዋለው ይሄነው የፈርሂያን ድምፅ ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «ይቺ ልጅ አንደበቷ የተባረከ ነው። ሌላም ከላከች አሰሚኝ።»

«እኔ የጻፍኩትንስ አንብበኸዋል?» አለች ፍቅርአዲስ።

«የቱን?»

ስልኳን ይዛ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ይቆረቁራት ጀመር። አልታዬ የምትባል አጅባር የምትሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም ግሩፑ ላይ ጠየቀች። ፍቅርአዲስ መጽሐፍ አገላብጣ፣ ደክማ መልሱን ጻፈች። አልታዬ ከሥሩ፣ «ፈርሂያስ ምን ትያለሽ?» አለች። ፍቅርአዲስ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ስህተት ፍለጋ የፈርሂያን ድምፅ እየደጋገመች መስማት ያዘች። በመጨረሻም አገኘች፤ ልጅቱ ስለ አንድ የመርፌ መድኃኒት አቀማመጥ ስትናገር ተሳስታ ነበር። ሁሉም እያዩ አረመቻት። ፈርሂያ ወዲያው፣ «አላህ ይስጥዎት ሲስተር፣ ባይነግሩኝ ሰው እጎዳ ነበር» ስትል፣ የግሩፑ ሰው ፍቅርአዲስን ትቶ የፈርሂያን ትሕትና ያመሰግን ገባ።

በዚያው ከሰዓት ፍቅርአዲስ የፈርሂያን ስም ነካችና መጻፍም ድምፅ መላክም ከለከለቻት። አድሚኗ እሷ ብቻ ስለሆነች ማንም አላወቀም። እፎይ አለች።

እፎይታው ግን አልበረከተም። «ፈርሂያ ምነው ጠፋች?» አለ አንዱ። «ታማ ይሆን?» አለች ሌላዋ። ስልክ ቁጥሯ ያለው ፍቅርአዲስ ጋ ብቻ ነበር። ውሎ ሲያድር «ታማ ይሆን?» የተባለው «ኮሮና ይዟታል» ሆነ። ክርስቲያኑ «እመብርሃን ትማርሽ»፣ እስላሙ «አላህ ያሽርሽ» ይላል። አልታዬ እንዲያውም እያለቀሰች ድምፅ ላከች። ፍቅርአዲስ ስልኳን አንዴ ብትነካ የሁሉም ጭንቀት ይቀል ነበር፤ እሷ ግን፣ «እኔ ብጠፋ እንዲህ የሚያለቅስልኝ ማን ነው?» እያለች መልእክቶቹን ታነባለች።

በመጨረሻ ራሷ ፈርሂያ ደወለች።

«ሲስተር፣ ደኅና ነዎት? ፈርሂያ ነኝ። ስልኬን ምን እንደነካው እንጃ፣ ግሩፑ ላይ መላክ እምቢ አለኝ። እርስዎ ያውቁበታል ብዬ ነው።»

«ኔትወርክ ይሆናል። እስቲ በዚህ በኩል ልየው» አለች ፍቅርአዲስ።

ስልኩ እንደተዘጋ ክልከላውን አነሣችላት። ወዲያው የፈርሂያ ድምፅ ገባ፤ «ደኅና ነኝ እህቶቼ! የታመመው ስልኬ ነው። ያዳኑልኝም ሲስተር ፍቅርአዲስ ናቸውና እሳቸውን አመስግኑልኝ።» ምስጋናው እንደ ዶፍ ወረደ። ፍቅርአዲስ አንዱንም ሳታነብ ስልኳን ደፋችው።

ሥልጠና ተመልሶ ሲጀመር ሁለቱ መካነ ሰላም ላይ በአካል ተገናኙ። ፈርሂያ በድምፅ ከምትታሰበው ይልቅ ቀጭን፣ ሰው ፊት አንገቷን የምትደፋ ልጅ ናት። ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ፍቅርአዲስ ጠራቻትና፣ «ያኔ ስልክሽ አልነበረም የተበላሸው» አለቻት።

«አውቃለሁ ሲስተር። አድሚኑ ከልክሎሻል ይል ነበር እኮ፣ መጻፊያው ላይ።»

«ታዲያ ለምን ስልኬ ነው አልሽኝ?»

«ምን ልበልዎት? ብጣላዎት ማን ይመልሰኛል? ከዚያ ገጠር ብቻዬን ሆኜ አለሁ ያሰኘኝ ያ ግሩፕ ነበር። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽዎትም። አልቅሻለሁም።»

«ይቅር በይኝ» አለች ፍቅርአዲስ።

«አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን።»

ፍቅርአዲስ በዚያው ቀን ፈርሂያን ሁለተኛ አድሚን አደረገቻት። ቤቷ ገብታ ለይሄነው ሁሉንም ስትነግረው፣ «አይ ልጅ! እንዴት ያለች ትልቅ ሰው ናት» አለ። ያው የድሮው ነገር ደረቷን ወጋት፤ ነውሯን እንኳ የሸፈነችላት ፈርሂያ ሆነች።

ግሩፑ ዛሬም አለ። አዳዲስ አዋላጆች ሲገቡ ፍቅርአዲስ ትቀበላቸዋለች። የሚከብድ ጥያቄ ሲመጣ፣ «ይህንን ከፈርሂያ ስሙ» ብላ ትጽፋለች። ቃሉን ጽፋ እስክትልከው ድረስ ግን አንዳንድ ቀን ስልኩን ይዛ ረዘም ላለ ጊዜ ትቀመጣለች።