የእትዬ አዛለች ጋይ

በ1987 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ሞላሌ አጠገብ ኬሚስትሪ ሳስተምር የተከራየሁት የእትዬ አዛለችን ጓዳ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ያለቻቸው አንዲት ቁራሽ መሬት ናት፤ እሷም ገብስ አላበቅልም ብላ ሣር በልቷታል። ለእንዲህ ያለ መሬት የመንዝ ሰው መድኃኒቱን ያውቀዋል። ከነሣር ሥሩ ታርሶ የደረቀውን ጓል ይቆልላል፣ ውስጡ ኩበት ይከታል፣ ይለኩሳል። ክምሩ ሳይንቦገቦግ ለቀናት ውስጥ ውስጡን ይጋያል። ጋይ ይሉታል።

እትዬ አዛለች አርባ ክምር ለኮሱ። በሦስተኛው ቀን ጭሱ መውጣቱ ቀጥ አለ።

የባላቸው ወንድም አፈወርቅ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ከተፍ አለ። «ጠፋኮ! እንክፈተውና እንደገና እንለኩሰው። ካልሆነልሽ መሬቱን ለእኔ ልቀቂው። መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱ!»

እኔን ደግሞ አጉል አዋቂነት መቼ ይለቀኛል! ዓይኔን በጨው አጥቤ «ጭስ ከሌለ እሳት የለም» አልኩ።

«ማንም አይነካውም!» አሉ እትዬ አዛለች። «ከተከፈተ ይነዳል፤ አፈሩ ሸክላ ሆኖ ይቀራል። እስከ ሰኞ ጠብቀኝ። ጠፍቶ ካገኘኸው መሬቱን ውሰደው።»

አፈወርቅ እየሳቀ ሄደ። እሳቸው እጄን ይዘው መዳፌን አንዱ ክምር ላይ ለጠፉት። ያቃጥላል! በእንጨት ትንሽ ቀዳዳ አበጁልኝ። ነበልባል የለ፣ ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ፤ የሣሩ ሥር ክር በክር ፍም ሆኖ ቀልቷል። ቶሎ መልሰው ደፈኑት።

«የሚያጨሰው ጥሬው ነው» አሉኝ። «ከሰሉ ምን ያጨሳል?»

ክው አልኩ። ለስድስት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ይኸው ነበር፤ ሙቀቱ ከተክሉ ጋዝ ያስወጣል፣ ጭሱም ነበልባሉም ከዚያ ጋዝ ነው። ጋዙ ሲያልቅ የቀረው ካርቦን አየሩን በገላው እየተቀበለ ቀስ ብሎ ይግላል። ጽፌዋለሁ፣ ፈተናም አውጥቼበታለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም። ተአምር ፊት የቆምኩ መሰለኝ። እንባዬ መጣ፤ ከጭሱ ነው እንዳልል ጭስ የለ።

ሰኞ አፈወርቅ ሞፈሩን ተሸክሞ በሬዎቹን እየነዳ መጣ። እትዬ አዛለች ምንም ሳይሉ አንዱን ክምር በዶማ ናዱት። ጥቁር፣ የላመ አፈር ተዘረገፈ። አፈወርቅ ጎንበስ ብሎ ዘገነና ወዲያው በትኖ ጣቶቹን እፍ እፍ አለ። ሁለተኛውን ክምር ነካ። ሦስተኛው ላይ እጁን አስጠግቶ መለሰ።

ከዚያ ሞፈሩን ከትከሻው አወረደ። «ሲበርድ ላኪብኝ» አላቸው፤ «አፈሩን በትኜ እዘራልሻለሁ።»